ለሻምበሉ ማን መለሰለት?

ወይዘሮ ትሩፋት ለስለታቸው የደገሱትን ዓይነት ድግስ ነፋስ ስልክ ካየ ቆይቷል። ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ስኳር በቀበሌ የሚታደልበት፣ ለጤፍ ሰልፍ ጎረቤት ከጎረቤቱ የሚጣላበት ዘመን። እሳቸው ግን በግ አሳርደው፣ ጠላውን በጋን አስጠምቀው፣ ግቢውን እስከ አጥሩ ድረስ ሸራ አስወጥረው የሐምሌን ዝናብ «ና እስቲ» ያሉት ይመስሉ ነበር። ምን ያድርጉ፤ ሞተ ብለው ደረታቸውን የደቁለት አንድ ልጃቸው በእግሩ ተራምዶ ቤት ገብቶላቸዋል።

ወሬው በሰፈሩ ከተነዛ ሰንብቷል። ልጃቸው ሻምበል መኩሪያ የጦር አውሮፕላን አብራሪ ነው። ለሰፋሪዎች መድኃኒት አድርሶ በአንዲት ትንሽ አውሮፕላን ብቻውን ከምዕራብ ሲመለስ ማዕበል ያዘው። መብረቅ የመሣሪያዎቹን ግማሽ አቃጠለበት። ቦሌን ቢጠራ፣ ቢጠራ መልስ የለም። ተራራና ሰማይ በማይለዩበት ደመና ውስጥ ሲንከራተት ነዳጁ ወደ ማለቁ ደረሰ። ከዚያ፣ እንዴት እንደሆነ ማንም በማያውቀው ሁኔታ፣ ቦሌ ላይ በሰላም አረፈ።

ማንም አያውቅም እንበል እንጂ ወይዘሮ ትሩፋት ያውቃሉ። የዚያን ዕለት ነጎድጓዱ ቤቱን ሲያናውጠው ወደ ሀና ማርያም ዞረው «ልጄን ብታወጪልኝ በወርቀ ዘቦ የተሠራ ጥላ አገባልሻለሁ» ብለው ተስለዋል። ዛሬ ጠዋት ጥላው በእልልታ ገብቷል። በዚያ ሁሉ እልልታ መሃል ግን መኩሪያ እንዴት እንደዳነ በእርግጥ የምታውቅ አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷም የግቢው በር ላይ ቆማ ልግባ አልግባ እያለች ታመነታ ነበር።

ዙሌካ ሙሄ ባትመጣ ይሻላት ነበር። የመጣችው አንድ ጊዜ በዓይኗ አይታው ልትመለስ እንጂ ከዚህ ቤት ደህና ቃል እንደማይጠብቃት አሳምራ ታውቃለች። የሥራ ባልደረባዋ ሸዋረገድ የወይዘሮ ትሩፋት ጎረቤት ናት። «ከእኔ ጋር ግቢ፤ በዚህ ሁሉ ሰው መሃል ማን ያይሻል» ብላ እጇን ጎትታ አስገባቻት። ማን ያይሻል ማለት ቀላል ነው። ድግስ ላይ ሰው ከሚበላው ይልቅ የሚያየው ይበልጣል።

ወይዘሮ ትሩፋት ትሪ እንደያዙ ቀጥ አሉ።

«ይቺ ደግሞ ማናት?» አሉ፣ ማንነቷን አሳምረው እያወቁ።

«ዙሌካ ናት እትዬ ትሩፋት፤ እንኳን ደስ ያለዎት ልትል ነው» አለች ሸዋረገድ፣ ነገሩን በሳቅ ልታለዝበው።

«አሃ፤ የሙሄ ልጅ። የመካኒሳው ጨርቅ ሻጭ።» ትሪውን ለሌላ ሴት አቀበሉና እጃቸውን በመቀነታቸው ጠረጉ። «ደስታዬን ሰምተሽ መምጣትሽ ደግ ነው። ግን የኔ ልጅ፣ ለአንቺ የሚሆን አልታረደም።»

በዚህ ሰፈር ክርስቲያን ሲደግስ አንዷን በግ ለሙስሊም ጎረቤቱ ባርክልኝ ብሎ ይሰጣል፤ ድስቱም ሠሪዋም ለብቻ ናቸው። ሙስሊሙም ሲደግስ ለክርስቲያኑ እንደዚያው ያደርጋል። ወይዘሮ ትሩፋት ራሳቸው በባላቸው ተዝካር ይህን ሳያጓድሉ አድርገዋል። እንግዲህ ዛሬ ረስተውት አይደለም። አልታረደም ማለት እዚህ ቤት አትቆጠሪም ማለት ነው፤ በጥፊ ከመመታት አይተናነስም።

«ልበላ አልመጣሁም እማማ» አለች ዙሌካ። «እንኳን ለዚህ አበቃዎት ብዬ ልመለስ ነው።»

«ብለሻል። በሩ ያውልሽ።»

ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እዚያ ግን አላፈሰሰችውም። ጥርሷን ነክሳ ለመውጣት ዞር ስትል ከመኩሪያ ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጠች።

የደንብ ልብሱን ለብሷል፤ ደረቱ ላይ የአብራሪነት ክንፉ አለ። ከስቷል። መጀመሪያ የተያዩት በአባቷ ሱቅ ነበር። ለእናቱ የቀሚስ ጨርቅ ሊገዛ ገብቶ፣ ከፍሎ፣ ጨርቁን ባንኮኒው ላይ ረስቶት የወጣ ሰው ነው። ያን ጊዜ በሩ ላይ የነበረው ሳቂታ ፊት አሁንም ለአፍታ ብልጭ አለ። ወዲያው የሆነ ነገር ትዝ አለውና ጠቆረ።

«ቡታጅራ አልሄድሽም እንዴ?» አላት።

«ልሄድ ነው።»

«ሥራሽንስ?»

«ከለቀቅሁ ቆየሁ።»

«ሰዒድ ደህና ነው? ኒካው መቼ ሆነ?»

«ከክረምት በኋላ» አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። ሰዒድ የሚባለው የአጎቷ ልጅ ቡታጅራ ላይ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ በሰላም የሚኖር፣ በስሙ የሚደረገውን ሁሉ የማያውቅ ምስኪን ነው። ሙሽራ ያደረገችው ዙሌካ ናት። ታላቅ ወንድሟን ከድርን በቀይ ሽብር ጊዜ ካኪ የለበሱ ሰዎች ከቤት ይዘውት ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ አባቷ አቶ ሙሄ ካኪ ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። የዙሌካንና የመኩሪያን ነገር የሰሙ ዕለት «ያ ሰው በዚህ በር ከገባ እኔ በዚያኛው እወጣለሁ፤ ፈልገሽም አታገኚኝ» አሏት። ይህን ለመኩሪያ ብትነግረው አርፎ እንደማይቀመጥ ታውቃለች። ከአባቷ ጋር ይጋፈጣል፣ አለዚያም የሚወደውን ሥራ ጥሎ ይመጣል። ስለዚህ የሰዒድን ስም አመጣችና «ላገባ ነው፤ ሥራዬንም ልለቅ ነው» ብላ አሰናበተችው። እሱም «ለካስ የምትፈልጊው ነጋዴ ነበር» ብሏት ሄደ። ከፋሲካ ወዲህ ያቺን ቃል ዙሌካ አንድ ቀንም ረስታት አታውቅም።

«ባላገኝሽ ይሻለኝ ነበር» አለ መኩሪያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ አሁን የምፈልገው ሌላ ሴት ነው።»

«ማንን?»

«ያዳነችኝን። እናቴ ማርያም ናት ትላለች። ማርያም ነዳጅህ ስንት ቀረህ ብላ አትጠይቅም። ሴት ናት፤ በሬድዮ ከነፋስ ስልክ አናገረችኝ። በበረዶው ጩኸት ድምፅዋ እየተቆራረጠ ነው የመጣው። ስሟን ብጠይቃት አልነገረችኝም። ሁሉንም ለአዛዤ ሪፖርት አድርጌያለሁ። ትፈለግና ሜዳልያ ይሰጣት ብያለሁ።»

ዙሌካ ክው አለች። «ምን አደረግህ?»

«ምን አደረግሁ? የሆነውን ጻፍሁ።»

«መልሰው። ተሳስቻለሁ በላቸው። መኩሪያ፣ ለዚያች ሴት ስትል ተወው።»

«ለእሷ ማሰብ የጀመርሽው ከመቼ ወዲህ ነው?» ዓይኑ ቀልቷል። «እሷ ማንነቴን ሳታውቅ ነፍሴን በእጇ ይዛ አወረደችኝ። አንቺ ማንነቴን እያወቅሽ ጣልሽኝ። ስለ እሷ አንድ ቃል እንዳትናገሪኝ።»

ዙሌካ ከግቢው ወጣች። ዝናብ በጀመረው መንገድ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ስትሄድ አንድ አስቂኝ ነገር ተሰማት፤ ቢሆንም አላሳቃትም። መኩሪያ በዚያ ዓይነት ድምፅ በሚያወራላት በዚያች ስም የለሽ ሴት እየቀናች ነበር።

*

ማዕበሉ የወረደው ከድግሱ በፊት፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነበር። ዙሌካ ለመኩሪያ ለቀቅሁ ብትለውም ዛሬም የምትሠራበት የሬድዮ ጣቢያ ነፋስ ስልክ ዳር ላይ፣ ረጃጅም የብረት ምሰሶዎች ሣር መሃል የቆሙበት ግቢ ነው። የስልክ ሽቦ ያልደረሰባቸውን የክፍለ ሀገር ከተሞች ከአዲስ አበባ ጋር በሬድዮ ታገናኛለች። «ልጁ ታሟል»፣ «በቅሎዋ ተሸጠች»፣ «ሙሽሪት ጠፋች» የሚለውን ሁሉ ቀኑን ሙሉ ትሰማለች፤ እንዳልሰማችም ትሆናለች። ያን ዕለት ሠራተኛው ከኃላፊው ከአቶ ከበበው ጋር ለውይይት አዳራሽ ገብቶ ነበር። ተረኞቹ ዙሌካ፣ ሸዋረገድና ጫልቱ ብቻ በየጠባብ ክፍላቸው በር ዘግተው ቀርተዋል።

በረዶው ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ከጎሬ በሚመጣው መስመር ላይ፣ በጩኸቱ መሃል፣ የሰው ድምፅ ገባ። «የሚሰማኝ ካለ ይመልስልኝ፣ የሚሰማኝ ካለ» እያለ ይጣራል። የአውሮፕላኑን ቁጥር ተናገረ። ዙሌካ ቁጥሩን መስማት አላስፈለጋትም። ያንን ድምፅ ከመቶ ሰው መሃል ዓይኗን ጨፍና ትለየዋለች።

ከፊቷ ግድግዳው ላይ በቀይ የተጻፈ ደንብ ተለጥፏል። የጦር ጥሪ የሰማ ኦፕሬተር አፉን ይዞ ኃላፊውን ይጠራል፤ በራሱ ፈቃድ የመለሰ በአገር ደህንነት ይጠየቃል። ደንቡን ሌላ ሰው ቢተላለፈው ምናልባት በወቀሳ ይታለፍ ይሆናል። «የፀረ አብዮተኛ እህት» የምትባል ሴት ብትተላለፈው ግን ከድር የሄደበት መንገድ ለእሷም ክፍት ነው። አዳራሹ ደግሞ ከግቢው ወዲያኛው ጫፍ ነው፤ ሮጣ አቶ ከበበውን እስክታመጣ አውሮፕላኑ አይጠብቃትም። ይህን ሁሉ አሰበች። አስባ ስትጨርስ ጣቷ ማብሪያው ላይ ነበር።

«እየሰማሁህ ነው» አለች።

በዚያኛው በኩል ትንፋሽ ተሰማ። «ምንም አይታየኝም» አለ ድምፁ። «የቀረኝ ኮምፓስ ብቻ ነው። የት እንዳለሁ አላውቅም። መሬት ለማየት ከደመናው በታች ልወርድ ነው።»

«ቆይ። ነዳጅህ ስንት ቀረህ?»

«ጥቂት። በጣም ጥቂት።»

በረዶው ጋብ ማለት ጀምሯል። ዙሌካ የማዳመጫውን ገመድ እስከሚደርስበት ጎትታ መስኮቱን ከፈተችና አንድ ጆሮዋን ወደ ውጪ ሰጠች። የሞተሩ ድምፅ ከሩቅ ይመጣል። ቀረበ። በጣሪያው ላይ አለፈና ወደ ላፍቶ፣ ወደ ፉሪ ተራራ ማዝገም ጀመረ። ከድር ልጅ ሳለ እንጨት ሊለቅም ሲሄድ ተከትላው የወጣችበት ተራራ ነው፤ በደመና ቀን ጫፉ እንደማይታይ ታውቃለች።

«አትውረድ» አለች። «አሁን ነፋስ ስልክን አልፈሃል። ከፊትህ ተራራ አለ። ዙር፣ ወደመጣህበት ዙር፤ በላዬ ስታልፍ እነግርሃለሁ።»

ድምፁ ጠፋ። የሞተሩም፣ የእሱም። ዙሌካ በሕይወቷ እንደዚያ ያለ ዝምታ ሰምታ አታውቅም። ያ አላህ፣ ያ አላህ ከማለት በስተቀር ቃል ጠፋባት። ከዚያ ከተራራው በኩል ሞተሩ እንደገና ብቅ አለ፣ ቀረበ፣ የመስኮቱን መስታወት አንቀጠቀጠው።

«አሁን በላዬ ነህ። ቦሌ በፀሐይ መውጫ በኩል ነው፤ በዚያ መንገድ ተራራ የለም። ቀስ እያልክ ውረድ።»

«ማን ልበል?» አላት ድምፁ። «እህቴ፣ ስምሽን?»

ማብሪያውን ዘጋችው። አቶ ከበበው ከውይይት ሲመለሱ የጎሬውን ሰው ከወንድሙ ጋር አገናኝታ ተቀምጣ ነበር፤ ወንድማማቾቹ ስለ አንዲት በቅሎ ይጨቃጨቃሉ። ማታውን ቦሌ ላይ አንድ አውሮፕላን በሰላም ማረፉን ሰማች። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም፤ ደስታዋን የምትነግረው ሰው ግን አልነበራትም።

*

የመኩሪያ ሪፖርት ሜዳልያ ፍለጋ ወጥቶ ክስ ሆኖ ተመለሰ። ከበላይ የመጣው ጥያቄ ሴትዮዋ ምን ይሸለሙ የሚል አልነበረም። ይቺ የጦር አውሮፕላን የምታናግር ማናት? ሌላስ ማንን ታናግራለች? ማን አዘዛት? የሚል ነበር።

ከድግሱ በኋላ ሳምንት ሳይሞላ የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ ጓድ ሙሉሰው ስሙን ካልተናገረ ባለ ካፖርት ሰው ጋር ጣቢያው ድረስ መጣ። ሦስቱ ተረኞች አንድ በአንድ ተጠየቁ፤ ሦስቱም አልሰማንም አሉ። አቶ ከበበው ላባቸው በአንገታቸው እየወረደ ሲምሉ ሲገዘቱ ዋሉ። በመጨረሻ ባለ ካፖርቱ ዘዴ አገኘ። ሴቶቹ ሻምበሉ ሰማሁት ያለውን ቃል በየተራ በሬድዮው ይናገራሉ፤ ሻምበሉም በአቶ ከበበው ቢሮ ተቀምጦ በማዳመጫ እየሰማ የትኛዋ እንደሆነች ይለያል።

ሸዋረገድ የዙሌካን ፊት አየችና ሁሉ ነገር ገባት። እጇን ጭብጥ አድርጋ ለቀቀቻት።

ሬድዮው በሁለቱም በኩል ክፍት ነበር። ዙሌካ ከሌሎቹ ጋር የመናገሪያው ክፍል ጥግ ላይ ቆማ ከድምፅ ማጉያው የመኩሪያን ድምፅ ሰማች። ደስ ብሎታል። «ዛሬ አመሰግናታለሁ ብዬ ነው የመጣሁት» ይላል።

«ምስጋናውን ለእኛ ተውልን» አለ ባለ ካፖርቱ። «አንተ ይቺ ናት በለን እንጂ ሌላውን እኛ እንጨርሰዋለን። ከዚህ ግቢ ሰው ድጋሚ አያያትም።»

ከዚያ በኋላ የመኩሪያ ድምፅ የሌላ ሰው ሆኖ ነበር።

«መጀመሪያዋ ትቀጥል።»

ሸዋረገድ ወረቀቱን አነበበች። «እየሰማሁህ ነው። አትውረድ። ከፊትህ ተራራ አለ።»

«አይደለችም።»

ጫልቱ አነበበች። አፏ ደርቆ ሁለት ጊዜ ተደናቀፈች።

«አይደለችም።»

ዙሌካ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ጓድ ሙሉሰው ትንፋሹ አንገቷ ላይ እስኪሰማት ድረስ ከኋላዋ ቆሟል። ድምፅዋን ለመቀየር አስባ ነበር፤ ቀጭን ለማድረግ፣ እንደ ጉንፋናም ለመናገር። ማይኩን ስትይዝ ግን ድካም ተሰማት። ከፋሲካ ወዲህ ለዚህ ሰው የነገረችው ሁሉ ውሸት ነው። ላገባ ነው ብላ ዋሸችው፤ ሥራ ለቀቅሁ ብላ ዋሸችው፤ በእናቱ ደጅ ሳይቀር ዋሸችው። ዛሬ ደግማ ልትዋሸው አቅም አጣች። የመጣው ይምጣ አለችና በገዛ ድምፅዋ ተናገረች።

«እየሰማሁህ ነው። አትውረድ። ከፊትህ ተራራ አለ።»

በማጉያው ውስጥ የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው። በሩ ላይ የቆሙት አቶ ከበበው ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዘዋውራሉ። ዙሌካ ተበዳይ ናት ወይስ በዳይ፣ እሷም አልታወቃትም። የጣለችው ሰው አሁን አንድ ቃል ቢተነፍስ አበቃላት፤ ነጋዴ ፈልጋ የሄደችውን ሴት መበቀል ቢፈልግ ከዚህ የተመቸ ቀን አያገኝም።

«ይድገሙት» አለ መኩሪያ።

ደገመችው። በመሃሉ ግን የሰማችው ነገር ነበር፤ እሱ ይድገሙት ሲል ድምፁ ተሰብሯል። እየለየ አልነበረም። ለይቷታል፤ ደግሞ ሊሰማት ፈልጎ ነው። ይህን ስታውቅ ፍርሃቷ የት እንደሄደ ጠፋባት።

«ሻምበል!» አለ ባለ ካፖርቱ። «ናት ወይስ አይደለችም?»

«አይደለችም።»

«ሦስቱም ካልሆኑ ማን ልትሆን ነው?»

«ማንም። ድምፅ የሚባል አልነበረም።» መኩሪያ ቃላቱን እንደ ትእዛዝ እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ይናገራል። «ፈርቼ ነበር። የፈራ ሰው ብዙ ነገር ይሰማዋል። ያወጣኝ ኮምፓሴና ዕድሌ ነው። ሪፖርቱ ትክክል አይደለም፤ ወረቀት አምጡ፣ እፈርማለሁ።»

«የሌለ ድምፅ ለሚሰማ ሰው አውሮፕላን እንደማይሰጥ ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል።»

«ከዛሬ በኋላ አትበርም።»

«ገብቶኛል ብያለሁ።»

ጓድ ሙሉሰው የዙሌካን ትከሻ ነካ አደረገ። «ጨርሰሻል፤ ተነሺ። ምን ያስለቅስሻል?»

«ጉንፋን ነው፣ ጓድ» አለች። መኩሪያ ከልጅነቱ ጀምሮ ከሰማይ ሌላ የፈለገው ነገር እንደሌለ ታውቃለች። ያንን ሰማይ ለእሷ ሲል ሲጥለው በጆሮዋ ሰምታ፣ ቆይ እንኳ ልትለው አልቻለችም።

*

የአብራሪነት ክንፉ ከደረቱ ተነቀለ፤ አእምሮው ስለተነካ ዕረፍት ያድርግ ተባለና ወደ እናቱ ቤት ተላከ። ነፋስ ስልክ ወሬ ለመቀየር ጊዜ አይፈጅበትም። ሐምሌ ላይ ጠላ እየጠጡ እልል ያሉት ሴቶች ነሐሴ ላይ «ማርያምስ አውጥታው ነበር፤ ጭንቅላቱን እዚያው ሰማይ ላይ ረስቶት ወረደ እንጂ» ይሉ ጀመር።

ቅዳሜ ጠዋት ዙሌካ አባቷ ሱቅ ገባች። አቶ ሙሄ አቡጀዲ ያጥፉ ነበር።

«አባባ፣ ያ ሰው ካኪውን አውልቋል» አለች። «ያወለቀው በእኔ ምክንያት ነው። ሌላ አትጠይቀኝ። ዛሬ ይዤው እመጣለሁ።»

አባቷ ቀና ብለው አላዩዋትም። ያጠፉትን አቡጀዲ ዘርግተው እንደገና ማጠፍ ጀመሩ። እሺም፣ እምቢም አላሉም፤ እሷም ወጣች።

የወይዘሮ ትሩፋት በር ተዘግቷል። ስታንኳኳ የከፈቱት ራሳቸው ናቸው፤ ፊታቸው በሳምንት ውስጥ አርጅቷል።

«ምን ቀረሽ ደግሞ?» አሉ። «የሆነውን አይተሽ ደስ ሊልሽ ነው? ሰዒድ ሰዒድ እያልሽ ልጄን ያዞርሽው አንቺ ነሽ። ሰው ሆኖ ወጥቶ የሌለች ሴት ድምፅ ይሰማዋል አሉኝ። እብድ ወለደች ይሉኛል፤ እኔ ሰምቼ እገባለሁ።» እንባቸውን በመቀነታቸው ጫፍ ጠረጉ። «ማርያም ያወጣችልኝን ልጅ እብድ አደረጉብኝ።»

የሰደበቻትን ሴት እንባ ማየት ዙሌካን ሊያስደስታት ይችል ነበር፤ አላስደሰታትም። እኔ ነኝ፣ ልጅዎ ጤነኛ ነው የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይህችን እናት ያድናታል። ከመንገዱ ማዶ ግን የቀበሌው ጥበቃ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ከወይዘሮ ትሩፋት ጀርባ ደግሞ መኩሪያ አሮጌ ሹራብ ለብሶ በረንዳው ላይ ቆሟል፤ ያሰበችውን ከዓይኗ አንብቦ ራሱን በቀስታ ነቀነቀ። እንዳትናገሪ አላት።

ዋጠችው።

«እብድ አይደለም እማማ» አለች። «ማዕበል ያየ ሰው ነው። ያወጣችው ያቺ እርስዎ የለመኗት ናት፤ ጥላዋን በከንቱ አላስገቡም። እኔም መርየምን አውቃታለሁ፤ በእኛም ቤት ትከበራለች።»

የወይዘሮ ትሩፋት ልብ የራራ እንዳይመስላችሁ።

«አንቺ ስለ ማርያም ምን አገባሽ?» አሉ። በሩን ግን አልዘጉትም። ዙሌካ ወደ በረንዳው እያየች «ና፣ አባቴ ዘንድ እንሂድ» አለች። መኩሪያ በጎናቸው ሲያልፍ ክንዱን ለመያዝ እጃቸውን አነሡና መልሰው ጣሉት።

ወደ መካኒሳ በሚወስደው መንገድ ጎን ለጎን ሄዱ። ጭቃ ነው። ሰው ዞር ዞር እያለ ያያቸዋል።

«ሰዒድ ሚስት አለው» አለች ዙሌካ። «ልጆችም አሉት። ዋሽቼህ ነው።»

መኩሪያ ቆመ። «ለምን?»

«ከድርን የወሰዱት የለበሱትን ለብሰህ ስለነበር። አባቴን ትቼ አንተን መያዝ አልቻልኩም። እውነቱን ብነግርህ ሰማዩን ጥለህ ትመጣለህ ብዬ ፈራሁ።»

«ይኸው ጥዬ መጣሁ» አለ፣ በምሬት። «ከፋሲካ ጀምሮ ስጠላሽ ከረምሁ። ለመጥላት ምን ያህል እንደደከምሁ አታውቂም። ተናድጃለሁ ዙሌካ። በቶሎም የሚለቀኝ አይመስለኝም።»

«ተናደድ። ብቻ አትሂድ።»

እንደገና መሄድ ጀመሩ። ከላያቸው አንድ አውሮፕላን ወደ ቦሌ ሲያልፍ መኩሪያ ቀና አላለም። ዙሌካ ግን የፊቱ ጡንቻ ሲኮማተር አየች፤ ይህን ዕዳ ዕድሜ ልኳን ከፍላ እንደማትጨርሰው አወቀች። ወደደችው፤ እንደዚያን ቀን ወዳው አታውቅም።

የመካኒሳ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ሲደርሱ መኩሪያ በድንገት ክንዷን ይዞ አስቆማት። ሁለት ጥበቃዎች በሩን ተደግፈው ያወራሉ፤ ዙሌካንና መኩሪያን ሲያዩ ወሬያቸውን አቋርጠው ጆሯቸውን ሰጡ። ማዶ የአባቷ ሱቅ ይታያል፤ አቶ ሙሄ በሩ ላይ ወጥተው ቆመዋል፣ ወደ ውስጥ ይግቡ ወይ ይውጡ አልቆረጡም።

«አንድ ነገር ብቻ» አለ መኩሪያ። ከንፈሩ ደርቋል። «ሁሉንም ሰጥቻለሁ። አንድ ጊዜ ከአፍሽ ልስማው፤ ከዚያ በኋላ አልጠይቅሽም። አንቺ ነሽ?»

ዙሌካ ጥበቃዎቹን አየች። አባቷን አየች። ከዚያ ዓይኑን አየችው፣ ዓይኗን ሳትሰብር።

«አይደለሁም» አለችው፣ እሱ በሬድዮው አይደለችም እንዳለው አድርጋ፤ እጁንም በቀን ብርሃን፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ያዘችው።